አማተር ሙዚቀኞች እርስ በርስ ሲማማሩ አራሚ ይኑራቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ዓምድ ስለ አዳዲስ አልበሞች፣ ስለ ድምፃውያንና ስለ ኮንሰርቶች የሚወጡትን ጽሑፎች በየሳምንቱ እከታተላለሁ። በዓምዱ ላይ ስማቸው ሲነሳ አይቼ የማላውቃቸው፣ ቁጥራቸው ግን ቀላል ያልሆነ ሙዚቀኞች አሉ። ቀን በባንክ፣ በትምህርት ቤት፣ በጋራዥ ወይም በሆስፒታል ሲሠሩ ውለው ማታና ቅዳሜ ክራር የሚመቱ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ማሲንቆና ዋሽንት የሚለማመዱ፣ ከሙዚቃ አንዲት ሳንቲም የማያገኙና ለማግኘትም የማያስቡ አማተሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከሚያውቁት አብዛኛውን የተማሩት እርስ በርስ ነው። እኔም ለዓመታት ከእነሱ አንዱ ሆኜ ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእንዲህ ዓይነት ስብስቦች ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዕውቀት ጥራት ስላሳሰበኝ፣ በየስብስቡም የሚያርም፣ የሚዳኝና ሥርዓት የሚያስይዝ ሰው ሊኖር ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

አማተሩ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ይሂድ እንዳይባል መንገዱ ጠባብ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዋናነት ሙዚቃን ሙያው ሊያደርግ ለተነሳ ተማሪ የቆመ ተቋም እንጂ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው የሒሳብ ሠራተኛ የተሰናዳ አይደለም። የግል ማሠልጠኛዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚያስተምሩት ኪቦርድና ጊታር ነው፤ ክራርና ማሲንቆ የሚያስተምረውን ማግኘት ሰው በሰው ማፈላለግ ይጠይቃል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የነበሩት የኪነት ቡድኖች ዓላማቸው ቅስቀሳ ቢሆንም፣ ብዙ ወጣት መሣሪያ የያዘባቸውና በኋላም ስመ ጥር የሆኑ ባለሙያዎች የወጡባቸው ቦታዎች ነበሩ። ያ ሥርዓት ሲቀር በቦታው የተተካ ነገር ስላልነበረ አማተሩ የራሱን መላ መታ፤ ተሰባስቦ መጠየቅና መመላለስ፣ በስልክ የተቀዳ ልምምድን እያሰሙ አስተያየት መቀበል ጀመረ። መላው ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄ ሲቀርብ መልስ የሚሰጠው የሚያውቀው ሰው ሳይሆን የፈጠነው ሰው ሲሆን ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ጀማሪ ክራር ገዝቶ ይመጣና «በትዝታ እንዴት ልቃኘው?» ብሎ ይጠይቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የአገራችን አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች ናቸው። ጥያቄው ትክክለኛ፣ ከሁሉም በፊት ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ ነው። አንዱ «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ» ይለዋል። ሌላው «ኧረ ሚና ላ ፍላት ናቸው» ብሎ ይቃወማል። ሦስተኛው ሁለቱም አያውቁም ብሎ በራሱ ክራር ላይ ያለውን ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ጠያቂው ተረስቶ ክርክሩ በሦስቱ መካከል ይቀጥላል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አልተሳሳቱም። አንዱ የተናገረው ስለ ትዝታ ሜጀር፣ ሌላው ስለ ትዝታ ማይነር ነው፤ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይለወጣል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በመካከላቸው ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ደቂቃ አልቆ ጀማሪው ሁለቱንም ቅኝቶች በጆሮው ለይቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ጉዳዩ በዚህም አያበቃም። ትዝታ ማይነርን ከሶል ተነስተው ቢቆጥሩት የአምባሰልን ድምፆች ያገኛሉ። ትዝታ ሜጀርን ከላ ተነስተው ቢቆጥሩት ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናል። ይህን በወረቀት ላይ ያየ ሰው «እንግዲያው አምባሰልና ትዝታ አንድ ናቸው» ብሎ ሲናገርና ሲያስተምር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም ዜማው የሚያርፍበት፣ ደጋግሞ የሚመለስበትና የሚያስጌጠው ድምፅ የተለያየ ስለሆነ ጆሮ የሚሰማው ስሜት ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህ ልዩነት በኖታ ዝርዝር አይተላለፍም፤ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ሲመታ ሰምቶ፣ መምታትም ሞክሮ፣ «አሁን ወደ ትዝታ ሸሽተሃል፣ ማረፊያህን ተመልከት» የሚል ድምፅ ይፈልጋል። የስልኩ መቃኛም በዚህ ረገድ አያድንም። እሱ የሚያውቀው ላን በሰከንድ 440 ንዝረት አድርጎ ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፆች የሚከፍለውን የፒያኖ ሥርዓት ነው፤ ነባር ክራር መቺዎች ግን መሣሪያቸውን የሚቃኙት ለዘፋኙ ጉሮሮ በሚመች ከፍታ፣ በጆሯቸው እየመዘኑ ነው። ስልኩ ለጀማሪ መነሻ እንዲሆን አልቃወምም። ነገር ግን የስልኩ ቀስት መሐል ላይ ስላልቆመ ብቻ የአንድን አዛውንት አንቺሆዬ «የተሳሳተ ቅኝት» ብሎ መፈረጅ ድፍረት ነው፤ ይህንንም ሲባል ሰምቻለሁ።

መጥፎ ምክር መሣሪያም ይሰብራል። ለጅማት ወይም ለናይለን ክር በተሠራ ክራር ላይ የጊታር ብረት ክር እንዲወጥር የተመከረ ወጣት፣ ድምፁ እንዲጎላ ብሎ ሲያከር ቀንበሩ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። የብረት ክር እንዲሸከሙ ተደርገው የተሠሩ ክራሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ምክሩን የሰጠው ሰውም በእጁ የነበረው እንዲያ ያለ ክራር ነበር። ያልጠየቀው ነገር ቢኖር የወጣቱ ክራር ከምን እንደተሠራ ነው።

በገና ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የበገና ትምህርት አንድ ጊዜ ከመጥፋት ጫፍ ደርሶ የተመለሰ ነው። መምህር ዓለሙ አጋ በያሬድ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው በገና በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ ዕውቀቱ በጥቂት ደርዳሪዎች እጅ ብቻ ቆይቶ ነው ለዛሬው ትውልድ የደረሰው። ዛሬ በዐቢይ ጾም ወቅት የሚማሩት ወጣቶች ብዛት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አንዲት ጀማሪ አዲስ የገዛችው በገና ድምፁ «ይንዛዛብኛል» ብላ ስትጠይቅ፣ ጊታር በደንብ የሚጫወት፣ በገና ግን ነክቶ የማያውቅ ሰው በሙሉ እርግጠኝነት «በአውታሮቹና በበርኩማው መካከል የገቡትን የቆዳ ቁርጥራጮች አውጫቸው» ሲላት፣ እሷም አንድ በአንድ ስታወጣቸው ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ይቸግረኛል። አውታሮቹን በሚሸከመው በርኩማ ላይ የሚገቡት እነዚያ ቁርጥራጮች እንዚራ ናቸው። የበገናን ድምፅ የበገና የሚያደርገው፣ ያንን ከደረት ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ርግብግብታ የሚሰጠው እንዚራው ነው። እያንዳንዱን እንዚራ ከአውታሩ ሥር ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ ትክክለኛውን ርግብግብታ መፈለግም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መካሪው ክፉ አላሰበም፤ በጊታር ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ እውነትም የብልሽት ምልክት ነው። ስለማያውቀው መሣሪያ እንዳይናገር የሚያቆመው ሰው ግን አልነበረም። በተመሳሳይ መልኩ፣ በጣት ሲደረደር ከአሥሩ አውታሮች አንዳንዶቹ ጣት ማሳረፊያ መሆናቸውን ያልተረዱ ሰዎች ጀማሪውን «አሥሩንም ካልመታህ በገና አልደረደርክም» እያሉ ተስፋ ሲያስቆርጡት ተመልክቻለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ስለ አውታር አወጣጠር ሲጠይቅ ንግግሩ ተጠምዝዞ ማን በገና መደርደር ይገባዋል፣ ማን አይገባውም ወደሚል የሃይማኖት ንትርክ ሲገባ፣ የሙዚቃው ትምህርት እዚያው ላይ ይቆማል። ይህ ጥያቄ የራሱ ቦታና የራሱ አባቶች አሉት፤ የአውታር ጥያቄ ለጠየቀ ሰው የሚገባው ግን የአውታር መልስ ነው።

የአስተያየት አሰጣጡ ነገር እንዲሁ ሊታይ ይገባል። አንድ ሰው ወራት የተለማመደውን ዜማ ለሌሎች ሲያሰማ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል፤ ወይ «በርታ፣ ግሩም ነው» ይባላል፣ ወይ ይሳቅበታል። ሁለቱም አያስተምሩትም። ሳቁ ግን ሰው ያሳጣናል። ባለንበት ስብስብ አንዲት የጤና ባለሙያ ክራሯን ይዛ መጥታ አንድ የባቲ ዜማ ስትመታ፣ መሐል ላይ ቀኝ እጇ ሲዘገይ ከኋላ የተቀመጡ ወጣቶች ማሽሟጠጥ ጀመሩ፤ አንዱም «ክራር የሴት እጅ አይወድም» አላት። ዜማውን ሳትጨርስ ክራሯን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አላየናትም። የሚያሳዝነው፣ የግራ እጅ ጣቶቿ ክሮቹን እያፈኑ የሚለቁበት አኳኋን እዚያ ከነበርነው ከብዙዎቻችን የተሻለ ነበር። መናገር የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀኝ እጅሽ ክሮቹን ሲገርፍ ከእጅ አንጓሽ ይነሳ እንጂ ከክንድሽ አይነሳ»። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው መስማት፣ ቀጥሎም የሚሉትን ማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ቅስም ሰባሪውን ዝም የሚያሰኝ ሥልጣን ያለው ሰው መኖር ያስፈልጋል።

እንዲህ ዓይነቱን ሥርዓት ከውጭ መኮረጅ አያስፈልገንም። በአገራችን የዜማ ትምህርት ጥራቱን ጠብቆ ለዘመናት የቆየው አራሚ ስላለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ድጓን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኗን የዜማ መጽሐፍ፣ ከአንድ መሪጌታ ሥር ለዓመታት ቢማርም፣ መምህር ለመባል ወደ ምስክር ቤት ሄዶ፣ የተማረውን ቃል በቃልና ምልክት በምልክት አሰምቶ፣ ታርሞና ተመስክሮለት መመለስ አለበት፤ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለተባሉት የዜማ ክፍሎች ዙር አምባ የሚታወቁት በዚህ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት ሠሩ ሲባልም፣ ዜማው በየአፉ እንዳይለዋወጥ ከማሰብ የመጣ ድካም ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ጥብቅ ሥርዓት ልዩነትን አለማጥፋቱ ነው። የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር ዜማ እስከ ዛሬ በየስማቸው ይጠራሉ፤ በቅዳሴም የሰላልኩላውና የደብረ ዓባዩ በየራሳቸው ይታወቃሉ። የአንዱ ተማሪ በሌላው ቤት ስሕተተኛ አይባልም፤ የትኛውን እንደሚያዜም ግን ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ይህን ያነሳሁት ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰባሰቡ አማተሮችን የቆሎ ተማሪ ለማድረግ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቀርብብኝ ተቃውሞም ይኸው ነው፤ «ለመዝናናት የመጣን ሰው ለምን ታስጨንቃላችሁ? ጥበብ ነጻ ናት፤ አራሚ ከተሾመ ነገ አምባገነን ይሆናል» ይባላል። የመጨረሻው ሥጋት መሠረት አለው። የእኔ አገር የመሣሪያ አመታት ብቻ ነው ትክክል የሚል፣ የወሎውን በጎጃሙ፣ የጎንደሩን በሸዋው የሚያስተካክል አራሚ ካለ፣ አራሚ ከሌለው ስብስብ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። አራት ቅኝቶች ብለን የምናስተምረው ራሱ ለማስተማር የሚያመች አከፋፈል እንጂ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሁሉ የታጠረበት ድንበር አይደለም፤ በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ የሚያዜሙትን የሰማ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ስለዚህ ለአራሚነት የሚመረጠው ሰው መመዘኛው ብዙ ማወቁ ብቻ አይደለም። ስሕተትንና የአካባቢ ልዩነትን መለየት የሚችል፣ «ይህን እኔ አላውቀውም፣ የሚያውቀውን እንጠይቅ» ለማለት የማያፍር መሆን አለበት። ለመዝናናት መጣ የተባለውን በተመለከተ ግን፣ ከደመወዙ ቀንሶ መሣሪያ የገዛና ከዕረፍቱ ሰዓት ቆርሶ የሚለማመድ ሰው ትክክለኛ ነገር ሊነገረው አይገባም ማለት እሱን መናቅ ይመስለኛል።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ላክል። መሣሪያ የሚሸጡና በክፍያ የሚያስተምሩ ሰዎች በስብስቦቹ ውስጥ መኖራቸው ነውር የለውም፤ እንዲያውም ጥሩ ክራር ሠሪ ማግኘት በረከት ነው። ነገር ግን መካሪ መስሎ የራሱን ዕቃ የሚያሻሽጥ ሰው ሻጭነቱን አስቀድሞ እንዲናገር መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው የነባር ባለሙያዎች ቅጂ ጉዳይ ነው። አማተሩ ከአዝማሪው ወይም ከበገና ደርዳሪው ዘንድ ሄዶ ቀድቶ ይመጣል፤ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የባለሙያው ስም ወድቆ ይቀራል፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ስም ይለጠፍበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም፣ ማለትም ለሚዘፍኑትና መሣሪያ ለሚመቱት፣ መብት እንደሰጠ ብዙዎች አያውቁም። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ ማን እንደመታው፣ የየት አገር አመታት እንደሆነና በየትኛው ቅኝት እንደሆነ ያልተጻፈበት ቅጂ ለተማሪ የሚሰጠው ጥቅም ግማሹ ጠፍቷል። ይህ በተለይ የሚጎዳው በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆነው ከአገር ቤት የሚላክላቸውን ቅጂ ብቻ እየሰሙ የሚማሩትን ወገኖቻችንን ነው። እኛ ተሳስተን ብንነግራቸው ጎረቤት ሄደው የሚያጣሩበት ሌላ ክራር መቺ የላቸውም።

የምጠይቀው የገንዘብ ድጎማ አይደለም። የያሬድ ትምህርት ቤት የባህል መሣሪያ የሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ወጣት ማዕከላት ቢልክ፣ ለእነሱ የማስተማር ልምምድ፣ ለአማተሩ ደግሞ መታረሚያ ይሆናል። በየክፍለ ከተማው ያሉ የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤቶች በአካባቢያቸው የሚኖሩ አዝማሪዎችን፣ በገና ደርዳሪዎችንና መሣሪያ ሠሪዎችን ቢያውቋቸውና እየጋበዙ ተገቢውን የድካም ዋጋ ቢከፍሏቸው፣ ብዙዎቹ ፈቃደኛ እንደሚሆኑ ከቅርበት አውቃለሁ። ስብስቦቹ ራሳቸውም ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይመደብ፤ መልስ የሚሰጥ ሁሉ ስለየትኛው መሣሪያ፣ ስለየትኛው ክርና ስለየትኛው ቅኝት እንደሚናገር ይግለጽ፤ ሰው ሲመታ እስከ መጨረሻው ይደመጥ፤ ከታረመ በኋላ የተሳሳተው ምክር ተሳስቷል ተብሎ በሁሉም ፊት ይነገር።

ከጋዜጣችሁ የምጠብቀው ደግሞ በኪነ ጥበብ ዓምዱ ጥግ ላይ ጥቂት መስመሮች ለአማተሩ እንዲተዉለት ነው። አንባቢ ጥያቄውን ይልካል፤ መሣሪያውን በትክክል የሚያውቅ መምህር በስሙ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ላይ ሌላ አዋቂ ተቃውሞ ቢያቀርብ እሱም ከነምክንያቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ለመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄ ከተቸገራችሁ የእንዚራን አቀማመጥ፣ ወይም ትዝታ ማይነርና አምባሰል በጆሮ እንዴት እንደሚለዩ ጠይቁ፤ በየስብስቡ የሚያከራክሩት እነዚህ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አማተር ክራር መቺ
ከአዲስ አበባ